ከአዲስ አበባ ጫፍ ወዲያ ቤት ለምትፈልጉ፦ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይስ ገላን?

ሱሉልታ የተከራየነውን ቤት ያየነው በጥር ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሜዳው ወርቅ የመሰለ፣ ግቢው ሰፊ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «እዚህ ጋ ጎመን እንተክላለን» አለች። ወዲያው ቀብድ ከፈልን።

ሐምሌ ሲገባ ያ ሜዳ ውሃ አቆረ። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለችው አጭር መንገድ ጭቃ ሆነች። ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ጫማዬን በፌስታል አንጠልጥዬ፣ በቦቲ ነበር አስፋልት የምደርሰው። አስፋልቱ ዳር አንዲት ሱቅ አለች። እዚያ ጫማ እቀይራለሁ፣ ቦቲዬን ትቼ ታክሲ እይዛለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ክረምቱን በሙሉ በሱቋ በር ላይ ሃያ ምናምን ጥንድ ቦቲ ተደርድሮ ይውል ነበር። ማታ ስንመለስ በጨለማ የየራሳችንን እንፈልጋለን።

ሱሉልታ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሳንጠይቅ የገባነው እኛ ነን። አሁን ለገጣፎ ነው የምንኖረው፣ አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ከዚያ ወዲህ ለእህቴ ሰበታ፣ ለአንድ ጓደኛዬ ደግሞ ገላን ቤት ስንፈልግ አብሬ ዞሬያለሁ። ብዙ ሰው «የቱ ይሻላል?» ብሎ ስለሚጠይቀኝ የማውቀውን በአንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እነዚህን ሰፈሮች በኪራይ ዋጋ ብቻ ካነጻጸራችሁ ትሳሳታላችሁ። ቤቱን በጥሩ ቀኑ ሳይሆን በክፉ ቀኑ እዩት። ለዚያ ቤት ክፉ ቀን የቱ እንደሆነ ማወቅ ነው ትልቁ ሥራ። ለአንዱ ሐምሌ ነው፤ ለሌላው ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት፤ ለሌላው ደግሞ ልጅ በሌሊት ሲታመም።

መስመሩን መሻገር

ከአያት ወደ ለገጣፎ ስትሄዱ መስመሩ አይታይም። ያው አስፋልት፣ ያው ሱቅ፣ ያው ሰማያዊ ታክሲ ነው። ግን ከአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ወጥታችሁ ኦሮሚያ ክልል ገብታችኋል። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ድሮ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ሆነው ክፍለ ከተማና ወረዳ ተደልድሎላቸዋል። ስለዚህ የቆየ ካርታ ወይም የቆየ ደብዳቤ ላይ የምታዩት የቀበሌ ስም አሁን ካለው ጋር ላይገጥም ይችላል። ቤት ስትከራዩም ሆነ ስትገዙ «አሁን የትኛው ክፍለ ከተማ፣ የትኛው ወረዳ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያው ሥራ መሸኛ ነው። ከነበራችሁበት ወረዳ መሸኛ ሳትይዙ ከሄዳችሁ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ ለማግኘት ትንገላታላችሁ። እኛ ይህንን ስላላወቅን ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። ፋይዳ አገር አቀፍ ስለሆነ ቁጥሩ እናንተን ተከትሎ ይሄዳል፤ የወረዳ መታወቂያ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮንዶሚኒየም ተመዝግባችሁ በየወሩ የምትቆጥቡ ከሆነ ደግሞ የአዲስ አበባ መታወቂያችሁን ከመመለሳችሁ በፊት የተመዘገባችሁበት የቤቶች መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ተነጋገሩ። ይህቺን የዘለሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ በኋላ ያዘኑት ሐዘን ቀላል አይደለም። በማኅበረሰብ ጤና መድን የምትታከሙም እንደዚሁ፤ ምዝገባው በወረዳ ስለሆነ ሳይቋረጥ እንዴት እንደሚዛወር ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ጎረቤት፣ ገበያና ታክሲ ላይ አማርኛም ኦሮምኛም እንደልብ ይነገራል። ቢሮ ስትገቡ ግን ደብዳቤው፣ ማስታወቂያው፣ ቅጹ በቁቤ ነው የተጻፈው። የማታነቡት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ የሚያነብላችሁን የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ደግሞ ቋንቋውን ተማሩት። ይህንን የምለው ለቢሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጎናችን የሚኖሩትን ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት «አከም ጅርቱ» ማለት የጀመርኩ ቀን ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢያችን ጠባቂ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

ልጆች ካሏችሁ ይህ ጉዳይ ከሁሉም ይቀድማል። የመንግሥት ትምህርት ቤት በክልሉ ሥርዓተ ትምህርት፣ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚያስተምረው። በአማርኛ የሚማሩበት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በአካባቢው መኖር አለመኖሩን በአካል ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ደላላ የሚላችሁን አትመኑ። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ቋንቋውን በወራት ይለምደዋል። ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ግን ስምንተኛ ክፍል ፈተና ከፊቱ እያለ ትምህርት ቤት ባይቀይር እመርጣለሁ። ብዙ ቤተሰብ በዚህ የተነሳ ልጁን ወደ አዲስ አበባ ማመላለሱን ይመርጣል። ያኔ ደግሞ የቤቱ ርቀት የእናንተ ብቻ ሳይሆን የልጁም ይሆናል።

ዕድርም አለ። ስትሄዱ የድሮውን አታቋርጡ፤ አዲሱንም ሳትዘገዩ ተመዝገቡ። አማቴ ያረፉ ጊዜ የድሮ ሰፈራችን ዕድር ድንኳን ጭኖ እስኪደርስ ረፍዶ ነበር። አዲሶቹ ጎረቤቶቻችን ግን ከንጋቱ ወንበር ደርድረው፣ ውሃ ቀድተው፣ ሰታቴ ጥደው ጠበቁን። ያኔ ገና አምስተኛ ወራችን ነበር። ከዚያ በኋላ «ለገጣፎ የሰው አገር ነው» የሚል ቃል ከባለቤቴ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

ሳይሻገሩ ጫፉ ላይ መቅረት

መስመሩን ሳይሻገሩ ጫፍ ላይ መኖርም አንድ ምርጫ ነው። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ፣ አያት አካባቢ ያሉ ኮንዶሚኒየሞች ማለቴ ነው። መታወቂያችሁ የአዲስ አበባ እንደሆነ ይቀራል። ካርድ ቆጣሪ አላችሁ፤ ከአከራይ ጋር በመብራት ሒሳብ አትነታረኩም። የውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ቦቲ አያስፈልግም።

ችግሩ ፎቅ ነው። ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ይጠግባሉ። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ውሃ የሚጠብቀው ሌሊት ነው፤ ካልሆነ ጀሪካን ተሸክሞ ይወጣል። እርጉዝ ሴት ወይም አረጋዊ ቤታችሁ ካለ ኪራዩ በረከሰ ቁጥር ፎቁ ከፍ እንደሚል አስቡ። በርበሬ የሚያሰጣ፣ ዶሮ የሚያረባ፣ ድግስ የሚደግስ ቤተሰብ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ይጠበዋል።

የኮዬ ፈጬ ነገር ብቻውን ይታይ። ሕንጻዎቹን የሠራው የአዲስ አበባ አስተዳደር ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰናቸውን ሲያካልሉ ግን አካባቢው ወደ ኦሮሚያ ተካቷል፤ ዛሬ የሸገር ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። ስለዚህ «ኮንዶሚኒየም ነውና አዲስ አበባ ነው» ብላችሁ አትገምቱ።

አምስቱ መውጫዎች

ለገጣፎን በደንብ ስለማውቀው ከእሱ ልጀምር። ሥራችሁ መገናኛ፣ ሲኤምሲ፣ ቦሌ ወይም ሃያ ሁለት አካባቢ ከሆነ ከሌሎቹ የሚቀርባችሁ ይህ ነው። በአያት በኩል ቀጥ ያለ መንገድ ነው። የከተማው ቀላል ባቡርም አያት ድረስ ይመጣል፤ ሆኖም የሚሠሩት ባቡሮች ቁጥር ስለቀነሰ በእሱ ብቻ ተማምናችሁ ቤት አትምረጡ። ለገጣፎ አንድ ሰፈር እንዳልሆነ እወቁ። በአጥር የታጠሩ የሪል እስቴት መንደሮች አሉ፤ ውስጣቸው አስፋልት፣ ዛፍና ጥበቃ አለ። ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ እንደ እኛ ሰፈር ኮረኮንች የበዛባቸው ሰፈሮች አሉ። ኪራዩም እንደዚያው ይለያያል። ከአምስቱ ግን በጥቅሉ ውዱ ይህ ነው።

ስለ ውሃ አንድ የተሳሳተ ወሬ አለ። «ለገዳዲ ግድብ አጠገባችሁ ነውና ውሃ አይጠፋም» ይላሉ ደላሎች። የለገዳዲ ውሃ ተጣርቶ በትልቁ ቧንቧ አዲስ አበባ ነው የሚወርደው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ሮቶ ባንገዛ ኖሮ አንኖርበትም ነበር።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነስታችሁ ዳገቱን ወጥታችሁ ትወርዳላችሁ፤ ዋናው መንገድ ይህ ነው። ዳገቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከተበላሸ የሁሉም ጠዋት ተበላሸ ማለት ነው። ጉሙም አለ። ብርዱን ደግሞ ከመሃል ከተማ ብርድ ጋር አታወዳድሩት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ልጃችሁ አስም ካለበት ወይም ቤታችሁ ሪህ የያዘው ሰው ካለ ደግማችሁ አስቡ። በሌላ በኩል አየሩ ንጹሕ ነው፤ አትሌቶች በጠዋት የሚሮጡት እዚያ ነው። ወተቱም ወተት ነው። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ከተማ የሚገባ ሰው ብሆን ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርኩ። በየቀኑ ለሚመላለስ ግን አልመክርም።

ቡራዩ ለምዕራቡ ሰው ነው። መርካቶ፣ አስኮ፣ ዊንጌት ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የሚሠራ ሰው ሌላ ቦታ ምን ያደርጋል? ተዳፋት ስለሚበዛ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ አይተኛም፤ ይወርዳል። ታች ያለ ቤት ከተከራያችሁ ግን የሚወርደው ወደ እናንተ ነው። አስኮ ላይ ጠዋት መጨናነቁ የታወቀ ነው። አሸዋ ሜዳና ኬላ አካባቢ ገበያውም ታክሲውም ስለሚገኝ መኪና የሌለው ሰው አይቸገርም።

ሰበታ በጅማ መንገድ ነው። ወለቴና አለም ገና ለከተማው ይቀርባሉ፤ ሰበታ ራሱ ከመሃል አዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፋብሪካ የሞላበት አካባቢ ስለሆነ ብዙ ሰው ሥራውም እዚያው ነው። እህቴ እንደዚያ ናት፤ በእግሯ ሥራ ትገባለች። በየወሩ ለታክሲ ታወጣው የነበረው ዛሬ ዕቁብ ትጥልበታለች። ወደ ከተማ የሚመላለስ ሰው ግን ከዓለም ባንክ እስከ ጦር ኃይሎች ያለውን ጠዋት መቋቋም አለበት። ፋብሪካ አካባቢ ቤት ስታዩ በቀን ብቻ አትሂዱ። ማታም ሂዱና ሽታውን አሽትቱ፤ የማሽኑን ድምፅ ስሙ።

ገላን፣ ዱከምና ቢሾፍቱ በአንድ መስመር ናቸው። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር አየሩ ይሞቃል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ ብርድ የማይስማማው ሰው እዚያ ይመቸዋል። ዱከም ላይ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ስላለ ሠራተኛው ብዙ ነው፤ የኪራይ ክፍል በቶሎ ይያዛል። አሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ የጅቡቲ ጭነት የሚመላለስበት ነው፤ ልጅ ብቻውን የሚያቋርጠው መንገድ አይደለም። የራሳችሁ መኪና ካላችሁ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የክፍያ መንገድ ሌላ ዓለም ነው። ቢሾፍቱን ግን የአዲስ አበባ ጫፍ አድርጌ አልቆጥራትም። ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የራሷ ገበያ፣ የራሷ ሆስፒታል፣ የራሷ ኑሮ ያላት ከተማ ናት። ሥራችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ታምራለች። ሥራችሁን አዲስ አበባ ትታችሁ ከሄዳችሁ ግን መንገድ ላይ ትኖራላችሁ።

መንገዱን ሳትቆጥሩ አትፈርሙ

ሱሉልታ እያለን የኪራይ ቅናሹ አስደስቶን ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ደብተር አውጥታ ጻፈች። የእኔ ታክሲ፣ የእሷ ታክሲ፣ ልጁን ለማመላለስ፣ ዝናብ ሲሆን ባጃጅ፣ ማታ ሲመሽ ኮንትራት። ደምራ ስታሳየኝ ከኪራዩ ላይ ያተረፍነው ነገር የለም። ሰዓቱ ደግሞ ገና አልተቆጠረም ነበር። ጠዋት 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። ልጄን የማገኘው ተኝቶ ነው።

እናንተም ይህንን ሒሳብ ከመግባታችሁ በፊት ሥሩት። የሚሠራው ሰው አንድ ነው ሁለት? ሁለት ከሆናችሁና አንዳችሁ ሳር ቤት፣ አንዳችሁ ሲኤምሲ ከሆናችሁ ከከተማ መውጣት ቀርቶ መሃል መቅረት ሊረክስ ይችላል። አንድ ቀን፣ በሥራ ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ልትከራዩት ካሰባችሁት ቤት በር ላይ ተነስታችሁ በታክሲ ሥራ ቦታችሁ ድረስ ሂዱ። ማታም ተመለሱ። ስንት ታክሲ እንደቀየራችሁ፣ ስንት ሰልፍ እንደቆማችሁ ቁጠሩ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ታክሲ አለ ወይ? ታሪፉ ስንት ይሆናል? ከተማው ጫፍ ላይ ፍተሻ የሚኖርበት ጊዜ አለ፤ መታወቂያ ከኪሳችሁ አይጥፋ።

በሌሊት ልጅ ቢታመም የት እንደምትሄዱም እዚያው ላይ አስቡ። ለሱሉልታና ለቡራዩ ሰው ጳውሎስ፣ ለገላን ሰው አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ለሰበታ ሰው አለርት ቅርብ ናቸው። ባለ ባጃጁን ወይም መኪና ያለውን ጎረቤት ስልክ በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ያዙ።

ኪራይ ነው ግዢ?

ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ ተከራዩ፤ አንድ ክረምት እለፉበት። ከዚያ መግዛት ካማራችሁ ግዙ።

ኪራይ ላይ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራይ ብዙ ነገር ሰጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ልብ በሉ፤ አዋጁ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። በክልል የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ መስመሩን ስትሻገሩ ወረዳው ላይ እንዴት እንደሚሠራበት ጠይቁ። ምንም ይሁን ምን ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ ኪራዩንም በባንክ ክፈሉ። ስድስት ወር ቅድሚያ አምጣ ከሚል አከራይ ጋር አትግቡ። ክረምት ላይ ልውጣ ብትሉ ገንዘባችሁ ታስሯል።

የደላላውን ኮሚሽን ቤት ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። መብራቱ የጋራ ቆጣሪ ነው የግል? ውሃው የማን ነው? ሮቶው አብሮ ይከራያል? እነዚህ ከኪራዩ ጋር አብረው የሚጻፉ ነገሮች ናቸው።

ግዢ ላይ ግን ልባችሁን አጽኑ። በአገራችን መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህንን በግልጽ ያስቀምጣል። የሚሸጠው መሬቱ ላይ ያለው ቤት ነው፤ እሱም ካርታ ካለው። «ገበሬው ራሱ ይፈርምልሃል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል፣ ካርታው ይመጣል» ተብሎ ለዓመታት የቆጠበውን የሰጠ ሰው ስንቱን አየሁ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. እዚሁ ለገጣፎ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ኑሮው የተበተነው ቤተሰብ ብዙ ነው። ብዙዎቹ ገንዘብ ከፍለው የገቡ ናቸው። ውል ነበራቸው፤ ካርታ ግን አልነበራቸውም። ዋጋው ከሰፈሩ ቤቶች በግማሽ ከረከሰ ምክንያት አለው።

ካርታ ያለው ቤት ስታገኙም የካርታውን ኮፒ አይታችሁ አትርኩ። ይዞታው ወደሚገኝበት መሬት አስተዳደር ከሻጩ ጋር ሄዳችሁ ማኅደሩ ይታይ። የባንክ ዕዳ አለበት? የፍርድ ቤት እገዳ አለበት? ሻጩ ያገባ ከሆነ ሚስት ወይም ባል መፈረም አለባቸው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልጸደቀ ደግሞ መከራከሪያ አይሆናችሁም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ስለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚለው ይህንኑ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይችልም። በውክልና የሚሸጡላችሁ አሉ። ወካዩ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፤ ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮ ይቀራል። ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ለመመላለስ ካልፈለጋችሁ ተዉት።

ግድግዳውን አንብቡት

ይህኛውን ማንም አይነግራችሁም። አፈሩን እዩ። ከገላን እስከ ዱከም፣ ኮዬ ፈጬም፣ ከሰበታ ወደ አዋሽ ወንዝ ያለው ሜዳም መረሬ ነው። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ አፈር። ክረምት ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ በጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቤቱ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል። መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ግድግዳው ይከፈታል፤ በር አልዘጋ ይላል።

ቤት ስታዩ የበርና የመስኮት ማዕዘን ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ከማዕዘኑ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ካያችሁ ያ የቀለም ስንጥቅ አይደለም። ግንቡ በቅርቡ አንድ ቦታ ብቻ ተለስኖ ወይም ተቀብቶ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። በሩን ክፈቱና ዝጉት። ግቢው ውስጥ ግድግዳው ሥር ውሃ የቆመበት ምልክት አለ? ግድግዳው ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ከረጠበና ከላዩ ነጭ ጨው ነገር ከወጣበት ውሃ ይስባል። ሱሉልታ ቤታችን ይህ ነበረው፤ እኛ ግን ጥር ላይ ደርቆ ስላየነው አላወቅንም። ክረምት ላይ የልጄ ፍራሽ ከግድግዳው በኩል ሻገተ።

ከጓደኛዬ ጋር ገላን ስንዞር አንድ ጥሩ ቤት አገኘን። ሦስት ክፍል፣ አዲስ ቀለም፣ ሴራሚክ፣ ኪራዩም ተመጣጣኝ። አከራዩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቡና ሁሉ አቀረቡልን። ጓደኛዬ ወዶት ነበር። ደላላው ስልክ ሊያወራ ሲወጣ እኔ ወደ በሩ ብቅ አልኩ። አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ጀሪካን በጋሪ እየገፋ ያልፋል። «ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?» አልኩት። ነገረኝ፤ ሩቅ ነው። «ይቺ ቤትስ እንዴት ናት?» አልኩት እንዲሁ። ልጁ ቆም ብሎ አየኝ። «አዲስ ሰው ሊገባ ሲል ነው የምትለሰነው» አለኝ። ጋሪውን ገፍቶ ሄደ።

ተመልሼ ገባሁና ዋናው ክፍል ውስጥ ያለውን ቁም ሳጥን ትንሽ ወደ ፊት ሳብ አደረግኩት። ከጀርባው ስንጥቁ አለ። የእጄ ጣት ይገባል። ጓደኛዬም መጥቶ ጣቱን አስገባ። አከራዩ ዝም አሉ። ቡናውን ጠጥተን፣ አመስግነን ወጣን። ከዚያ መንደር ትንሽ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሌላ ቤት ተገኘ። አሮጌ ነው፤ ቀለሙ የለቀቀ። ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ግን በሩ ይዘጋል። ጓደኛዬ አሁን እዚያ ነው ያለው፤ ሁለተኛ ክረምቱን እያሳለፈ ነው።